የስኳር ሕሙማንን ለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞችና ደጋፊዎች የሚሰጥ እውቅና፤ ምንነቱ፣ አመጣጡና አሠራሩ

የስኳር ሕሙማንን ለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞችና ደጋፊዎች የሚሰጥ እውቅና፣ ያለ ደመወዝ በጊዜያቸው፣ በሙያቸው ወይም በገንዘባቸው ሕሙማን ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ እንዲኖሩ የሚረዱ ሰዎችና ተቋማት ያከናወኑት ተግባር በመዝገብ ሠፍሮ በይፋ የሚመሰገንበት አሠራር ነው። እውቅናው በምስጋና ደብዳቤ፣ በምስክር ወረቀት፣ በሜዳልያ፣ በሥልጠና ዕድል ወይም በሥራው ላይ የሚወጣውን የመጓጓዣ ወጪ በመተካት ሊገለጽ ይችላል።

አሠራሩ ትኩረት የሚያሻው የሕመሙ ጠባይ ከሌሎች ሕመሞች የተለየ በመሆኑ ነው። የስኳር ሕመም በአንድ ጊዜ ሕክምና የሚድን ሳይሆን ዕድሜ ልክ ክትትል የሚጠይቅ ነው። ሕመምተኛው በየወሩ ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ እንኳ በዓመት ውስጥ ከባለሙያ ጋር የሚገናኘው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ክብካቤ የሚፈጸመው በቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤትና በሠፈር ነው። በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን ስለማያመርት መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ከተቋረጠበት ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ገብተው የሚሠሩት አብዛኞቹ ሰዎች በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሥራ መደብ ውስጥ የማይገኙ ናቸው።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መረጃ መሠረት በ2024 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሕዝቦች መካከል 589 ሚሊዮን ያህሉ ከስኳር ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ከአሥሩ ከአራት በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። የሕሙማኑ ቁጥርና የባለሙያዎች ብዛት ባልተመጣጠነበት ሁኔታ የበጎ ፈቃደኞች ድርሻ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

አመጣጥ

በስኳር ሕመም ዙሪያ የሚደረገው የበጎ ፈቃድ ሥራ ታሪክ ከኢንሱሊን ግኝት ጋር የተያያዘ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ተገኝቶ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጥቷል። ፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ ቻርልስ ቤስትና ጄምስ ኮሊፕ በ1923 የግኝቱን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው 1 ዶላር ብቻ በመቀበል ነበር።

መድኃኒቱ መገኘቱ ብቻ ግን በቂ አልነበረም፤ ለድሃው ማድረስ ሌላ ሥራ ሆነ። በ1926 በፖርቱጋል ሊዝበን ከተማ በሐኪሙ ኤርኔሽቶ ሮማ አነሳሽነት የተቋቋመው ማኅበር ዓላማው አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ኢንሱሊን ማቅረብ ሲሆን፣ በዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው የስኳር ሕሙማን ማኅበር ተብሎ ይታወቃል። በብሪታንያም ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ የነበሩት ሐኪሙ ሮበርት ሎረንስና ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1934 ተመሳሳይ ማኅበር መሥርተዋል። ከነዚህ ታሪኮች እንደሚታየው የሕሙማን ድጋፍ መነሻው የሕሙማኑ የራሳቸው መደጋገፍ ጭምር ነው።

የእውቅና አሰጣጥን በሚመለከት በስፋት የሚጠቀሰው የአሜሪካው ሐኪም ኤሊዮት ጆስሊን በ1948 የጀመሩት የሜዳልያ አሰጣጥ ነው። ሜዳልያው በቅድሚያ ከኢንሱሊን ጋር 25 ዓመት ለኖሩ ሕሙማን የተዘጋጀ ሲሆን፣ በኋላ ለ50 እና ለ75 ዓመታትም ተሰጥቷል። ይህ አሠራር ሽልማቱን ከአንድ ቀን ድርጊት ይልቅ ለዓመታት ከዘለቀ ጽናት ጋር በማያያዙ ለበጎ ፈቃደኞች እውቅናም ትምህርት የሚሆን ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በጎንደርና በጅማ አካባቢዎች ደግሞ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ መደረጉ የገጠር ሕሙማን መድኃኒት ለመውሰድ የሚጓዙትን ርቀት ለማሳጠር ረድቷል። ያም ሆኖ ከጤና ጣቢያው በር እስከ ሕመምተኛው ደጃፍ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው በአብዛኛው የቤተሰብና የጎረቤት ድጋፍ ነው።

ለዚህ ድጋፍ መሠረት የሚሆኑ ነባር ተቋማት በየአካባቢው ይገኛሉ። እድሮች ለሐዘን ከመድረስ ባሻገር አባላቸው በሕይወት ሳለ ሊያግዙ የሚችሉ ናቸው። የሃይማኖት አባቶችም ሚና የጎላ ነው። በጾም ወራት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ረጅም ሰዓት ቢቆይ የደም ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም ለታመመ ሰው በእምነቱ የተፈቀደውን ሲያስረዱ ከሐኪም ምክር ጋር የሚደጋገፍ አገልግሎት ይሰጣሉ።

በሕግ ረገድ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በኅብረተሰቡ ውስጥ የበጎ አድራጎትና የበጎ ፈቃደኝነት ባህል እንዲዳብር ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማትም ከሕዝብ በሚቀርብ ጥቆማ ለአገር መልካም የሠሩ ሰዎችን የማመስገን ልማድ እንዲታወቅ አድርጓል። በመሆኑም በወረዳና በቀበሌ ደረጃ እውቅና ለመስጠት የሚያስፈልገው ከአዲስ ሕግ ይልቅ የተደራጀ መዝገብ ነው።

ሊመዘገቡ የሚገባቸው ተግባራት

እውቅና የሚሰጠው አካል በቅድሚያ የሚመዘነውን ሥራ በግልጽ መለየት ይኖርበታል። ከነዚህም መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፤

- መራመድ ለማይችል ወይም ዓይኑ ለደከመ ሕመምተኛ መድኃኒት በወቅቱ ማምጣት፣ በቀጠሮ ቀንም አብሮ መጓዝ፤
- ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን ከፀሐይና ከሙቀት ተጠብቆ ለምሳሌ ውኃ በሚያዝል የሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ ማገዝ፤
- የደም ስኳር ማነስ ምልክቶችን ማለትም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገርን ለቤተሰብ፣ ለመምህራንና ለሥራ ባልደረቦች ማስተማር፤ ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ እንዲሰጠው፣ ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ ሳይሰጠው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም እንዲወሰድ ማስገንዘብ፤
- ሕመምተኛው እግሩን በየዕለቱ እንዲመለከትና በባዶ እግሩ እንዳይሄድ መምከር፤
- የስኳር መለኪያ መሣሪያ፣ ስትሪፕና መርፌ በዓይነት መለገስ፤ ለድሃ ቤተሰብ የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል፤
- ከፍተኛ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ክብደት መቀነስ የታየበትን ሕፃን ሳይዘገይ ለምርመራ ማድረስ።

መስፈርትና አፈጻጸም

የምርጫው ሥራ በጤና ጽሕፈት ቤት፣ በሕሙማን ማኅበር፣ በእድር ተወካዮችና በሕሙማን በራሳቸው በሚዋቀር ኮሚቴ ቢከናወን ተአማኒነቱ ይጠበቃል። ኮሚቴው ሊያተኩርባቸው የሚገቡ ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው የአገልግሎቱ ዘላቂነት ሲሆን፣ ለተከታታይ ወራት የተሠራ ሥራ ከአንድ ቀን ዘመቻ ይልቅ ይመዘናል። ሁለተኛው የጤና ተቋሙ የቀጠሮ መዝገብና የተጠቃሚዎች ምስክርነት ነው። ሦስተኛው በጎ ፈቃደኛው የመድኃኒት መጠን የመወሰን ሥራን ለባለሙያ በመተው በሥልጠናው ወሰን ውስጥ መሥራቱ ነው።

ለለጋሾችና ለሠሪዎች የሚሰጠው እውቅና ተለይቶ መቀመጡም አስፈላጊ ነው። በአንድ መድረክ ከፍተኛ ገንዘብ የሰጠ ድርጅት በጉልህ ሲጠራ፣ ዓመቱን ሙሉ ኢንሱሊን ስታመላልስ የኖረች ጎረቤት ሳትጠቀስ ከቀረች ሽልማቱ ዓላማውን ይስታል። መድኃኒት ወይም መሣሪያ የሚሸጥ ድርጅት ስጦታም እውቅናው ለምርቱ ማስታወቂያ እንዳይሆን በቃለ ጉባኤ ተለይቶ ሊያዝ ይገባል።

ሌላው ጥንቃቄ የሕሙማንን ምስጢር ይመለከታል። የበጎ ፈቃደኛው ታሪክ ሲነገር የሕመምተኛው ማንነት ያለ ፈቃዱ መገለጽ የለበትም። ሕመማቸው በመታወቁ ከሥራ ወይም ከትዳር የሚገለሉ ሰዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ሕመምተኛን ለምስክርነት ወደ መድረክ ከመጥራት በፊት ፈቃዱን በነፃነት መስጠቱ መረጋገጥ አለበት። ሕፃናትን በሚመለከት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከምስክር ወረቀቱ ጎን ለጎን በጎ ፈቃደኛው ሥራውን እንዲቀጥል የሚያስችለው ድጋፍ ሊታሰብ ይገባል። በራሱ ገንዘብ ለትራንስፖርት እየከፈለ ለሚያገለግል ሰው ወጪው መተካቱ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የማጠናከሪያ ሥልጠና ማግኘቱና በጤና ተቋሙ የሚያነጋግረው ተጠሪ መመደቡ ከሽልማቱ ባልተናነሰ ክብሩን ያረጋግጥለታል። ለዓመታት ያገለገለ ሰው ሲደክም ተተኪ ካልተዘጋጀም የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው።

አመቺ ቀናት

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ይከበራል፤ ይህም በአብዛኛው ኅዳር 5 ላይ ይውላል። ቀኑ በ1891 የተወለዱት የፍሬድሪክ ባንቲንግ የልደት ቀን ነው። በዓለም ጤና ድርጅትና በፌዴሬሽኑ በ1991 የተጀመረ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2006 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 61/225 እውቅና አግኝቷል። ድርጅቱ በ1985 የወሰነው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ደግሞ ዲሴምበር 5 ይከበራል። በሁለቱ ቀናት መካከል ያሉት ሦስት ሳምንታት ለእውቅና ሥነ ሥርዓት አመቺ ናቸው።

ይሁን እንጂ የሥነ ሥርዓቱ ቀን የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይገባውም። መዝገቡ በየወሩ ካልተሞላ በኅዳር ወር የሚመሰገነው በቅርብ የታየው ሰው ብቻ ይሆናል። ማን ለማን፣ መቼና ምን እንዳደረገ በጽሑፍ የያዘ ጽሕፈት ቤት ተገቢውን ሰው ከማመስገኑም በላይ፣ ደጋፊ የሌላቸው ሕሙማን በየትኛው ቀበሌ እንደሚገኙ ለይቶ ለማወቅ ይችላል።