ጣራው ለምን አረጀ? የቀበሌ ቤትና የአዲስ አበባ ሠፈሮች

በጥቅምት 2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ አዲስ አበባ በመጨረሻ ከተማ መምሰል ጀመረች ብሎ ደስ አለው። ገሚሱ ደግሞ ሠፈር ከነነፍሱ ተነቀለ ብሎ አዘነ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በፒያሳም እንዲሁ ነበር፣ ከዚያ በፊት በልደታም። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ጥያቄ ዘሎ ያልፋል። በአንድ ውሳኔ፣ በሳምንታት ውስጥ፣ ያን ያህል ቤት ማንሳት የተቻለው እንዴት ነው? እነዚያ ቤቶችስ ለማፍረስ ምክንያት እስኪሆኑ ድረስ ያረጁት በማን እጅ ነው?

መልሱ ያለው በሐምሌ 1967 ዓ.ም በወጣ አዋጅ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሠፈር የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር እንደ ጦር ሠፈር ነበር የተተከለችው። ምኒልክ ቤተ መንግሥቱን ከፍ ካለው ቦታ ላይ አደረጉ፤ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየጉብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ ጭፍራው፣ አሽከሩ፣ ባለሙያው በጌታው ግቢ ዙሪያ ሠፈረ። ራስ ተሰማ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሻራ ናቸው። በዚህ ምክንያት የአዲስ አበባ ሀብታምና ድሃ እንደ ሌሎች ብዙ ከተሞች በአጥር ተለያይቶ አልኖረም። የባለ ፎቁ ጎረቤት የጭቃ ቤት ነው። ይህ የከተማዋ ጠባይ መቶ ዓመት ከርሟል፤ በጎነቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጠፋ በኋላ ነው።

ሆን ብሎ ሊለያየው የሞከረው መጀመሪያ ፋሽስት ጣሊያን ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የተነደፈው የከተማ ፕላን ነጩንና «ተወላጁን» ለየብቻ ለማስፈር ያለመ ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ መርካቶ የምንለው ያ ነው። አዲስ ከተማ በቀጥ ያሉ መንገዶች የተሸነሸነችው ለአገሬው ሰው ተብላ ነው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው በዚሁ ዘመን፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው «ኢንቺስ» ከሚባል ተቋም ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ጣሊያን ሲወጣ ዕቅዱ ሳያልቅ ቀረ። ለባለሥልጣኖቹ የተሠራውን ሠፈር ደግሞ ቀስ በቀስ ሁሉም ዓይነት ሰው ሞላው፤ ባለ ሱቁ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ጸሐፊው፣ ልብስ አጣቢዋ።

ወደ 1967 እንምጣ። በንጉሡ ዘመን የከተማው ቦታ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ ተከራይ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ሊኖረው የሚችለው መኖሪያ ቤት አንድ ብቻ ሆነ፤ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራይም ተቀነሰ። ያን ጊዜ ብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይ አለ። በየወሩ ከሚያስጨንቅ ባለቤት ተገላግሎ በጥቂት ብር ኪራይ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበት ጣሪያ አገኘ። አዋጁን ዛሬ በክፉ ብቻ የሚያነሳው ሰው ይህን ባይረሳ ጥሩ ነው።

ችግሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ኪራዩ እዚያው ተቸክሎ ቀረ፤ ኑሮ ሲወደድ፣ ቆርቆሮ ሲወደድ፣ ሲሚንቶ ሲወደድ የቀበሌ ቤት ኪራይ ከስም በቀር ኪራይ አልነበረም። የጭቃ ቤት ደግሞ እንክብካቤ ይፈልጋል። በየጥቂት ዓመቱ ካልተመረገ ግድግዳው ከሥሩ በእርጥበት ይበላል፣ ማገሩን ምስጥ ይገባበታል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ቀበሌው ከሚሰበስበው ሳንቲም ይህን ሁሉ ሊጠግን አይችልም። ነዋሪው በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቢፈቀድለትስ የራሱ ባልሆነ፣ ሊሸጠው በማይችለው ቤት ላይ ለምን ጥሪቱን ያፈሳል? ስለዚህ ሁለቱም ተዉት። ቤተሰቡ ሲበዛ በጓሮ ቅጥያ ተቀጠለ፣ ደባል ገባ፣ አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባለሙያ መጥቶ «ደረጃውን ያልጠበቀ ሠፈር» ብሎ ሲጽፍ እውነቱን ነው፤ የቤቱ አከራይ መንግሥት መሆኑን ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሚጽፈው አልነበረም።

ኢሕአዴግ ሲገባ ይህን ማስተካከል ይችል ነበር። የቀበሌ ቤቶችን በመጠነኛ ዋጋ ለነዋሪው አስተላልፎ ባለቤት ቢያደርገው ኖሮ ያ ሰው በኋላ ለድርድር የሚቀመጥ ባለጉዳይ ይሆን ነበር። አልሆነም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅና በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን ከሽያጭ ውጭ አደረጉ፤ የቀበሌ ቤትም ባለበት ቀጠለ። ሊዙ ግን አንድ ትልቅ ለውጥ አመጣ። መሀል ከተማ ያለ ቦታ በጨረታ ዋጋ ወጣለት፤ ለአስተዳደሩም ዋና የገቢ ምንጭ ሆነ። እዚህ ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በከተማው ውዱ መሬት ላይ የከተማው ርካሹ ኪራይ ተቀምጧል። ሠፈሩ ከዚያ ወዲያ የቆየው ገንዘቡና ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው።

መጡም። ሸራተን በ1990 ዓ.ም ሲከፈት የዙሪያው ነዋሪ ከተነሳ ቆይቷል። በ1996 እና 97 ዓ.ም፣ አርከበ እቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀመረ፤ ተነሺው የሚሄድበት ቤት ተገኘ ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም አካባቢ በስፋቱ የመጀመሪያ የሚባለው የመሀል ከተማ መልሶ ማልማት በልደታ ተካሄደ፤ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ደጃች ውቤ፣ አሜሪካ ግቢ ተከተሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የቀበሌ ቤት ነዋሪ በሕጉ ፊት ምን ነበር? በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳ የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት፣ ለባለይዞታው ነው። አርባ ዓመት በአንድ ቤት የኖረ፣ ልጆቹን እዚያ ድሮ እናቱን ከዚያ የቀበረ የቀበሌ ተከራይ ንብረት የለውም። የተሰጠው ምርጫ ሌላ ቦታ ያለ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ቅድሚያ ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ቅድመ ክፍያና የባንክ ዕዳ አለው። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረውማ ጭራሽ አልተቆጠረም። የነዋሪው ተቃውሞ ለምን ድምፁ ቀነሰ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ሰው የእኔ ነው ብሎ በማይሟገትበት ነገር ላይ በምን አፉ ይጮኻል? ጥያቄው ሁሉ «የት ትወስዱኛላችሁ?» እና «መቼ?» ሆኖ ቀረ።

ሁሉም ያለቀሰ ግን አይምሰለን። ሌሊት በዝናብ ወደ ጋራ መጸዳጃ መውጣት ያስመረራት ሴት በሯን ዘግታ የምትገባበት መታጠቢያ ቤት ሲኖራት ደስታዋ የውሸት አይደለም። ጎርፍና እሳት የሚፈራበትን ጠባብ መንገድ ማንም አይናፍቅም። የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎቹም የሕዝቡን ኑሮ ጨርሶ አልዘነጉም፤ በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግና ለበሬ ዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት ሠርተዋል። ያልተሠራው ደንበኛ ነው። እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ጉልት ተቀምጣ ቤተሰብ የምታስተዳድር እናት ገበያዋ ደጇ ነበር፤ በስም የሚያውቋት፣ በዱቤ የሚወስዱ፣ ወር ሲደርስ የሚከፍሉ ሰዎች። አራተኛ ፎቅ ላይ ያ ሁሉ የለም። ቤቱ የተሻለ፣ ገቢው የባሰ ሆነ። ብዙዎች ኮንዶሚኒየሙን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ቤት ፍለጋ ሄደዋል።

ዕድሩም አለ። የሠፈር ዕድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን የመዝገቡ ዋጋ አባላቱ በእግር ርቀት መኖራቸው ነው። ለቅሶ ሲነገር ወዲያው መድረስ አለባ። ሠፈሩ ወደ አምስትና ስድስት ሳይት ሲበተን አንዳንዱ ዕድር ፈረሰ፤ አንዳንዱ ግን እምቢ አለ። ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ቀይረው ለቀድሞ ጎረቤት ቀብር የሚመጡ፣ ሰንበቴያቸውን በድሮው ደብር የሚጠጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለፈረሳው የሰጠውን መልስ ለማየት የሚፈልግ ሰልፍ ሳይሆን ይህን ይመልከት።

ከተማው ዳር ደግሞ ሌላ ተነሺ ነበር። የመሀሉ ሰው የሚሄድበት ኮንዶሚኒየም የተሠራው በገበሬ እርሻ ላይ ነው፤ ካሳውም ከመሬቱ ኋላ ካወጣው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያገናኘው ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ ፕላኑ ጥር 2008 ዓ.ም ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ዓ.ም የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም ቁጣው እንደገና ፈነዳ። ብዙ ጊዜ ይህ የብሔር ፖለቲካ ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ነገሩ ግን ሁለት ድሆችን በአንድ ቦታ ያገናኘ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ከመሀል የተገፋ፣ ሌላው ከዳር።

ሕጉ ትምህርት አልቀሰመም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንደሚገባ አወቀ፤ ጉርብትና ዋጋ እንዳለው የአገሪቱ ሕግ ሲያምን ያ የመጀመሪያው ነው። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ በ2017 ካዛንቺስን ሲደርስ ግን የሥራው ፍጥነት ከሕጉ ቀድሞ ሄደ። ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች ገላን ጉራ አንድ ላይ መስፈራቸው ከልደታው መበተን የተሻለ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ገላን ጉራ ግን ካዛንቺስ አይደለም፤ ሆቴሉ፣ ቢሮው፣ ሌሊት የሚሠራው ምግብ ቤት እዚያ የለም። በተሰጣቸው ቤት ላይ ያላቸው መብትም መታየት አለበት። እንደገና የመንግሥት ተከራይ ሆነው የተቀመጡ ካሉ፣ በዝቅተኛ ኪራይ፣ ማን እንደሚጠግነው ሳይታወቅ፣ ለእነሱ 1967 ገና አላበቃም።