ከአውሮፕላኑ በፊት፦ ቤተ እስራኤል በሙዚየም

አምደወርቅ ገበያ ላይ የሚሰማውን ኽምጣና ቴል አቪቭ ካለ ሙዚየም ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ቤተ እስራኤል በጸሎታቸው ውስጥ ከግዕዙ ጎን ጠብቀው ያቆዩት ቋንቋ አገውኛ ነው። ያ የቋራ አገውኛ ለቅማንትኛ የቅርብ ወገን ሲሆን፣ ከዋግ ኽምጣና፣ ከአዊ አገውኛና ከከረን ብሊን ጋር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ነው። ቋራኛ ከዕለት መነጋገሪያነት ወጥቶ በጸሎት ውስጥ ብቻ ሲቀር፣ ኽምጣና በዋግ ኽምራ ልጆች አፍ ላይ ሕያው ነው። እንግዲህ ነገሩ ከደሃና ሆነው ሲያዩት የባዕድ አገር ወሬ አይደለም።

በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኘው የአይሁድ ሕዝብ ሙዚየም በ1970 ዓ.ም. ሲከፈት ስሙ «ቤት ሃትፉጾት» ነበር፤ በየአገሩ የተበተኑት ቤት እንደማለት ነው። ታድሶና ሰፍቶ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት «አኑ» ተባለ፤ ትርጉሙ «እኛ» ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የዣክ ፋይትሎቪች ስብስብ ይገኛል። ፋይትሎቪች በ1896 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን መጥቶ ቤተ እስራኤልን ያጠና፣ ታምራት አማኑኤልን የመሰሉ ወጣቶችንም ለትምህርት ወደ አውሮፓ የወሰደ ምሁር ነው። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ቢያስብ አይከፋም።

ስለ ቤተ እስራኤል የሚዘጋጁ ኤግዚቢሽኖች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአውሮፕላን ደረጃ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ፎቶግራፍ ያለው እዚያ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በ«ዘመቻ ሙሴ» 8 ሺህ ያህል ሰው ተጓጓዘ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ«ዘመቻ ሰለሞን» በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ፤ በአንድ አውሮፕላን ብቻ ከ1 ሺህ በላይ ሰው ተጭኗል። ይህ ይታይ፤ ሊታይም ይገባዋል። ይሁንና ታሪኩ ከዚህ ሲጀምር ተመልካቹ የሚያየው የታደገውን ነው እንጂ ተጓዡ ማን እንደነበረ አይደለም።

ሕግ ተምሬያለሁና ከመስታወቱ ጀርባ ቀድሜ የምፈልገው የርስትን ነገር ነው። ትውፊቱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡትን ዐፄ ይስሐቅን ያነሳል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው አወጁ ይባላል። «ፈላሻ» የሚለው ስያሜ ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ሰዎቹ ራሳቸው ግን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለው መሬትና ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። አብዛኛው ግን የሰው መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸማ እየሠራ፣ ሴቱም ሸክላ እየሠራች ኖረ። ማረሻውን የሚገዛቸው ጎረቤት መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር።

ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ባለችው ወለቃ ለቱሪስት የሚሸጡት ትናንሽ የሸክላ ምስሎች በብዙ ሙዚየም መደርደሪያ ላይ አሉ። ያምራሉ። ግን ምስሎቹ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጎብኚ ተብለው የመጡ ናቸው፤ የድሮዋ ሸክላ ሠሪ የምትሠራው እንስራ፣ ድስትና ምጣድ ነበር። ከምስሉ ሥር «የእጅ ጥበብ» ብሎ ጽፎ ርስትን ሳያነሱ ማለፍ ግማሽ እውነት ነው።

አንድ ዓመት ደግሞ ለብቻው ክፍል ይገባዋል፤ 1967 ዓ.ም.። የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ለጭሰኛው ሁሉ፣ ለቤተ እስራኤልም ጭምር፣ በመሬት የመጠቀም መብት ሰጠ። በዚያው ዓመት የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ ለእነሱም እንደሚሠራ ወሰነ፤ መሠረቱ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም. የሰጡት የሃይማኖት ብይን ነበር። ዘመናት የጠበቁት መሬትና ዘመናት የጸለዩለት አገር በአንድ ዓመት መጡ። ከዚህ የበለጠ የኤግዚቢሽን ርእስ አላውቅም።

በየዓመቱ ከሚመለሱት ሕዝባዊ ዝግጅቶች ዋናው ስግድ ነው። በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29፣ ማለትም ከማስተሰረያ በዓል በ50ኛው ቀን ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ኅዳር ላይ ይሆናል። አምቦበርን በመሳሰሉ የጎንደር መንደሮች ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣ፣ ቄሶች ከግዕዙ ኦሪት ያነቡ፣ ከሰዓት በኋላ ተወርዶ ይበላ ነበር። እስራኤል በ2000 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች፤ ማዕከላዊው ሥነ ሥርዓት በኢየሩሳሌም የቤተ መቅደሱን ተራራ ፊት ለፊት ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ይከናወናል። ሌላው የኢያር 28 መታሰቢያ ነው፤ በሱዳን መንገድ ያለቁት፣ ቁጥራቸው 4 ሺህ ያህል እንደሚሆን የሚገመተው፣ በሄርዝል ተራራ ይታሰባሉ። ምርጫ ቢሰጠኝ ከአዳራሽ ኮንፈረንስ ይልቅ ስግድን እመርጣለሁ፤ ጥላ የያዙት ቄሶች በግዕዝ ሲያነቡ ከአገሩ የመጣ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በነገራችን ላይ፣ ቤተ እስራኤል መነኮሳትም ነበሯቸው፤ ትውፊቱ ለአባ ሳብራ ይሰጠዋል። በሌላው የአይሁድ ዓለም ይህን የሚመስል የምንኩስና ሥርዓት ስለሌለ፣ ሊቃውንቱ የገዳማቱን ፍርስራሽ ፍለጋ የሚመጡት ወደ እኛው ተራሮች ነው።

የእኛስ ድርሻ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የማይዳሰሰውንም ቅርስ ብሎ ተርጉሟል። በሌላ አገር ያለ ሙዚየም የጎንደርን ምኩራብ ጣሪያ አይጠግንልንም። አገውኛውን ጸሎት የሚያውቁ ቄሶች እያረጁ ነው። ያንን ዜማ ቀድቶ ሰቆጣ ላይ ኽምጣና ተናጋሪ ሽማግሌዎች ባሉበት ማሰማት፣ ምን ያህሉን ቃል እንደሚያውቁት ጠይቆ መመዝገብ፣ ሕንፃም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፤ አንድ መቅረጫና ሁለት የሚግባቡ ተቋማት ይበቁታል። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁ የቤተ እስራኤል ተወላጆችም ገና አሉ፤ «እኛ» የሚለው ሙዚየም የመጨረሻውን ክፍል ሲያዘጋጅ እነሱን የት እንደሚያስቀምጣቸው ማየት እፈልጋለሁ።