የጌት መኳንንት ማዕርግ

የእስራኤሏ ከተማ ቂርያት ጋት ከተቆረቆረች ሰባ ዓመት ባለፋት በዚህ ወቅት ስለ ልደቷ የሚነገረው ሁሉ የታወቀ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ከሞሮኮ በመጡ ቤተሰቦች ተጀመረች፣ ስሟንም ከጎልያድ አገር ከጌት ወሰደች። የቆመችበት ምድር በ1948 መጨረሻ ጋማል አብደል ናስር፣ ገና ሻለቃ ሳለ፣ ከግብፅ ጦር ጋር ተከብቦ የሰነበተበት መሆኑንም ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን እሑድ ማለዳ በባቡር ጣቢያው ወደ ጦር ሰፈራቸው ከሚመለሱት ወጣት መኮንኖች በአንዳንዶቹ ትከሻ ላይ የሚታየው ሦስት መስመር፣ «ሰረን» የተባለው ማዕርግ ነው።

ሰረን በኦሪትም በነቢያትም ለእስራኤል አለቃ የተሰጠ ስም አይደለም። አምስቱ የፍልስጥኤም መኳንንት፣ በጋዛ፣ በአዛጦን፣ በአስቀሎና፣ በጌትና በአቃሮን የተቀመጡት፣ ሶምሶንን አሳልፋ እንድትሰጣቸው ለደሊላ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ከመቶ ብር ቃል የገቡት እነዚያው፣ በዕብራይስጡ የሚጠሩበት ስም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ «መኳንንት» ተብለው ስለ ተተረጐሙ አንባቢያችን ስሙን ሳያየው ያልፋል። በ1948 የተመሠረተው የእስራኤል ሠራዊት የጥንት ጠላቱን ማዕርግ ለገዛ ሻምበሉ ሰጠ ማለት ነው። ስለ ቃሉ ምንጭ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች በሰሎሞን ቤተ መቅደስ የናስ መንኰራኵር ወስከምት በዚሁ ስም መጠራቱን አይተው «ሕዝብ የሚሽከረከርበት ምሰሶ» ማለት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ከግሪኩ «ቲራኖስ» ጋር ያዛምዱታል። መጽሐፉ ቃሉን ለሹመት ሲጠቀምበት ለፍልስጥኤማውያን ብቻ መሆኑን ስመለከት፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ የባዕድ ሹመት ነው የሚሉት ይበልጥ ያሳምኑኛል። ከፍ ያለው ማዕርግ «አሉፍ»ም ቢሆን የኤዶም አለቆች፣ የዔሳው ልጆች የተጠሩበት ነው፤ ፖሊሱ ብቻ ታላላቅ ሹሞቹን «ኒጻቭ» ብሎ ወደ ሰሎሞን አሥራ ሁለት ሹማምንት ዘወር ብሏል።

የእኛ ግን! አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ፣ ማለትም የሺህ አለቃ፤ ይህ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 የምድያም ካህን ዮቶር ለአማቹ ለሙሴ የሰጠው ምክር ነው። ቀኛዝማችና ግራዝማች፣ ፊታውራሪና ደጃዝማች ከሰፈር አቀማመጥ የተወለዱ የቀድሞ ማዕርጎች ናቸው፤ ዘመናዊው ጦር ከአውሮፓ መኮንኖች ሥልጠና ሲቀበል ግን መዐርጋቱ የሙሴን ቍጥር ያዙ። እርግጥ ነው፣ ቍጥሩ ዛሬ ስም ብቻ ሆኗል፤ መቶ አለቃው መቶ ሰው አያዝም።

የከተማዋም ስም ቢሆን ያው እንግዳ ነው። የአርኪዮሎጂ ሊቁ ዊልያም ኦልብራይት አጠገቧ ያለውን ጉብታ፣ ቴል ኤራኒን፣ ጌት ነው ብሎ ነበር፤ ሽሙኤል ይቪን ግን ከ1956 እስከ 1961 ሲቈፍረው የጌት ምልክት አላገኘም፣ ይልቁንም የቀዳሚውን የግብፅ ንጉሥ የናርሜርን ስም የያዘ የሸክላ ስባሪ አወጣ። ጌት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቴል ጻፊት እንደ ሆነ ዛሬ አብዛኛው ሊቅ ይስማማል፤ አረን ማይርም ከ1996 ጀምሮ በዚያ ቈፍሯል።

በዚያው ጣቢያ አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ትከሻ በጣታቸው እየነኩ ሲጠይቁት ሰማሁ።

«ይኼ ሦስቱ መስመር ምንድን ነው ልጄ?»

«ሰረን ነው እማማ። ሻምበል እንደ ማለት።»

«ስንት ሰው ታዛለህ?»

«መቶ ቢሆኑ ነው።»

«እንግዲያስ መቶ አለቃ ነህ» አሉና፣ ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ስም አልተቀበሉትም።