የዶን ኤሊስ ኦርኬስትራ ሸክላ፦ ባለ 19 ምት ጃዝ
ይህ ሸክላ ትራምፔት ተጫዋቹ ዶን ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያው የሞንተሬይ ጃዝ ፌስቲቫል ከትልቅ ባንዱ ጋር ያቀረበውን ይዟል። «33 222 1 222» የተሰኘው ሥራ በእያንዳንዱ ዙር 19 ምት አለው፤ ስያሜውም የምቶቹ አመዳደብ ነው፦ ሁለት ሦስቶች፣ ሦስት ሁለቶች፣ አንድ፣ እንደገና ሦስት ሁለቶች። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ከስሌት አያልፍም፣ የጃዝንም ውዝዋዜ ይገድላል የሚሉ አሉ። በእርግጥ እስከ 19 አንድ በአንድ የሚቆጥር አድማጭ ይደክማል። ኤሊስ ግን ከሕንዳዊው ሙዚቀኛ ሃሪሃር ራኦ የሕንድ ሙዚቃ ተምሯል፤ በዚያ ባህል ረጅሙ የምት ዙር የሚገነባው ጆሮ በቀላሉ ከሚይዛቸው አጫጭር ምድቦች ነው። እዚህም ሦስት ቤዞችና በርከት ያሉ ከበሮዎች ምድቦቹን አጥብቀው ስለያዙ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በላያቸው እንደልብ ይወዛወዛሉ። ብቻውን የቆመውን አንድ ምት ልብ ብለው ያዳምጡ፤ ዙሩ የሚሰናከል መስሎ ወደፊት የሚዘለው እዚያ ላይ ነው።