ባነሩና የጭነት መኪናው

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን «መምህር፣ የጎንደሩን ሰልፍ ዛሬ ቢሆን እንዴት ያስተምሩን ነበር?» ብሎ ጻፈልኝ። እዚሁ ልመልስለት።

እሑድ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ጎንደር ላይ የወጣው በወልቃይት ጥያቄ ነው። ሐምሌ 5 ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ከተማዋን አስቆጥቷት ነበር። ማንም ያልጠበቀው ግን «በኦሮሚያ የሚካሄደው ግድያ ይቁም» የሚል መልእክት የያዙት ጽሑፎች ናቸው። ጊንጪ ላይ ኅዳር የተጀመረው ተቃውሞ ያኔ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። እሳትና ጭድ ናቸው ሲባሉ የኖሩ ሁለት ሕዝቦች! (ለነገሩ ለጎንደር አዲስ አይደለም፤ የአፄ ኢዮአስ እናት የወሎ ኦሮሞ ነበሩ፤ በልጃቸው ዘመን ኦሮምኛ በግቢው ይነገር ነበር።)

ጥቅምት 2010 ደግሞ ከ200 በላይ የኦሮሞ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው እምቦጭ ሊነቅሉ መጡ። እኔ ከባነሩ ይልቅ ይሄኛውን እወደዋለሁ። ጭቃ ውስጥ ገብቶ አረም መንቀል ከመፈክር ይከብዳል። መጋቢት ላይ የመጣው የመንግሥት ለውጥም ያለዚያ መቀራረብ የሚሆን አይመስለኝም።

እስከዚህ ያለውን አስተምሬያችኋለሁ። የቀረውን አልነገርኳችሁም።

በዚያው ክረምት ጎንደር ውስጥ የትግራይ ተወላጆች ሱቅና ቤት ተጠቅቷል። ብዙዎቹ ወጡ፤ ከፊሉ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ትግራይ። ትምህርት ዝግ ስለነበር እኔ ድብ ባሕር፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ሊማሊሞ በጉም ተሸፍኗል። ፍራሽና ምጣድ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ ቆመ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ውሃ ጠየቀች። እናቴ እየቀዳችላት «ወዴት ነው፣ ልጄ?» አለቻት።

«ወደ ሀገራችሁ ሂዱ ተባልን።»

አማርኛዋ የጎንደር ነው። እናቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ይህን ስጽፍ ጭናን ረስቼ አይደለም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ በዚሁ መንገድ መጥቶ ምን እንዳደረገን ከእናንተ መካከል የምታውቁት አላችሁ፤ ወገን የቀበራችሁም አላችሁ። አንዱ ሌላውን አያካክሰውም። ግን ያን ሰሞን እጃችን በሩቅ ላለው ወንድም ሲዘረጋ፣ በር ለበር ቡና የምንጠራራውን ጎረቤት ለማስቀረት አልተዘረጋም። 2009 መስከረም ክፍል ስገባ ስለ ባነሩ በኩራት አወራኋችሁ፤ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ፈራሁ መሰለኝ።

ደብተራችሁን ያልጣላችሁ ካላችሁ፣ ይህችን ጨምሩበት።