ፍሪጃችሁ «ጋዙ አልቋል» ሲባል፦ አባባሉ ከየት መጣ?

ስለ ቡናና ስለ እንሰት ስናወራ ከርመናል፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ቤት እንግባ። የቡና ገንዘብ ሲገባ ፍሪጅ የሚገዛው ሰው በዲላ ዙሪያም፣ በወናጎም፣ በይርጋጨፌም እየበዛ ነው። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ታዲያ መጀመሪያ የምትሰሙት ቃል «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ጋዝ ይሞላል፣ ብር ይከፈላል፣ ከወር በኋላ ያው ይሆናል። ይህ አባባል ታሪክ አለው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይታለልም። (ካልተናገርኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከነጭ ጋዝ ነው። በ1922 በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች ሞተር የሌለው፣ በእሳት የሚሠራ ፍሪጅ ፈለሰፉ። ኤሌክትሮሉክስ የተባለው ኩባንያ በ1925 ፈጠራውን ገዝቶ ለዓለም ሸጠው። በእሳት ማቀዝቀዝ? አዎ፣ በእሳት። ከጀርባው ባለው ቧንቧ ውስጥ አሞኒያ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አለ። ከሥር ያለው ነበልባል ሲያሞቀው አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ ይተናል፤ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ለአየሩ ሲለቅ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ ፍሪጁ ውስጥ እንደገና ሲተን ሙቀትን ከምግቡ ላይ ይወስዳል። ላብ ሲደርቅ ሰውነታችሁን ቀዝቀዝ እንደሚለው ማለት ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም፣ ሙቀትን ከውስጥ አውጥቶ ውጭ ይጥላል እንጂ።

እኛ ሀገር የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር መብራት ባልደረሰባቸው ቦታዎች የልጆች ክትባት የሚቀመጠው በእንዲህ ዓይነት የነጭ ጋዝ ፍሪጅ ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም። ነጭ ጋዙ ሳያልቅ መሙላት፣ ክሩን እየከረከሙ ማስተካከል፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ማየት ያስፈልግ ነበር። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ካጨሰ ጥላሸቱ የጭስ መውጫውን ይደፍነዋል፣ ፍሪጁም ይሞቃል። ወለሉ ዘመም ካለ ደግሞ ፈሳሹ በቧንቧው ውስጥ በትክክል አይዞርም።

ያ ፍሪጅ እውነትም ጋዙ ያልቅበት ነበር! እንደኔ እንደኔ ዛሬም «ጋዙ አልቋል» ሲባል ቶሎ የምናምነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ነዳጁም ጋዝ፣ በቧንቧ ውስጥ ያለውም ጋዝ ስለሚባል። በኤሌክትሪክ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ነዳጅ አይደለም። በተበየደ ቧንቧ ውስጥ ታሽጎ ይዞራል፣ አይቃጠልም፣ አያልቅም። ከቀነሰ አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ስለዚህ የሾለከበትን ቦታ ሳይፈልግና ሳይበይድ ጋዝ ልሙላ የሚላችሁን ሰው «መጀመሪያ ቀዳዳውን አሳየኝ» በሉት። በተቀደደ ጆንያ ቡና የሚሞላ ገበሬ የለም።

የጋዙ ዓይነትም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የድሮዎቹ የኤሌክትሪክ ፍሪጆች አሞኒያን ወይም ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የመሰሉ መርዛማ ጋዞች ይጠቀሙ ነበር። በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በሾለከ ጋዝ ማለቁን አልበርት አይንስታይን ሰምቶ ነው ከሊዮ ሲላርድ ጋር ሆኖ የማይሾልክ ፍሪጅ ለመሥራት የተነሳው፤ የፈጠራ መብትም በ1930 አሜሪካ ውስጥ አግኝተውበታል። በዚያው ሰሞን ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ፍሪዮንን አመጣና ዓለም እፎይ አለ። የማይሸት፣ የማይቃጠል፣ ሰው የማይመርዝ። ችግሩ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ይህ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ አሳዩ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ የገባችበት በ1994 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1987 ዓ.ም. መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ያደርጋል? ፍሪጃችሁን ዘወር አድርጉና ከጀርባው ወይም ከውስጥ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። አር134ኤ ይላል ወይስ አር600ኤ? ሁለተኛው አይሶቡቴን ነው፤ ኦዞንን አይጎዳም፣ ግን እንደ ማብሰያ ጋዝ ይቀጣጠላል። መጠኑ ጥቂት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ግራም በታች። ቢሆንም ጋዙ ሳይወጣ ችቦ ይዞ ቧንቧውን ልበይድ የሚል ሰው ከመጣ አስቁሙት። አንዱን ጋዝ በሌላው መተካትም አይሆንም፤ ኮምፕረሰሩ የተሠራው ለራሱ ጋዝ ነው። ፍሪጁ ውስጥ የተጋገረውን በረዶ በቢላ መፈንቀልም እንዲሁ ነው፤ ቧንቧው ከበረዶው ሥር ነው ያለው። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ራሱ ይቅለጥ።

ጋዙ ካላለቀ ታዲያ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መብራቱ ነው። መብራት ኃይል በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ቆቃ ሲመረቅ ተጠቃሚው በአብዛኛው አዲስ አበባና ጥቂት ከተሞች ነበሩ። ገጠር የደረሰው መስመር ከዚያ ወዲህ እየተቀጠለ የመጣ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ የራቀ ቤት ደግሞ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ የሚደርሰው ኃይል ከ220 ቮልት በታች ይወርዳል። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ፍሪጁ «ጠቅ» ይልና ዝም፣ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ደግሞ «ጠቅ»። ይህ ድምፅ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ሞክሮ ሲያቅተው የሚሰማ ነው። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በቀጭን ዲቫይደር ላይ ከምጣድ ጋር ከተሰካማ ጭራሽ ይብሳል፤ ለብቻው በግድግዳ ሶኬት ላይ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቢያንስ 5 ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩት፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ሲነሳ ኮምፕረሰሩ ይጎዳል። ይህን የሚጠብቅላችሁ ስታቢላይዘር አለ፣ ከአንድ የኮምፕረሰር ቅያሪ ይረክሳል።

ቀጥሎ ሙቀቱ የሚወጣበትን መንገድ እዩ። ፍሪጁ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል? የጀርባው ሽቦ በአቧራና በጥላሸት ተሸፍኗል? ወጥ ቤት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ቆሟል? እንግዲያው ሙቀቱን የት ይጣለው! አንድ መዳፍ ያህል ከግድግዳ አርቁት፣ ነቅላችሁ በብሩሽ ጥረጉት። በሩን ደግሞ በብር ኖት ፈትሹት። ኖቱን በበሩ ጎማ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ሾልኮ ከወጣ ሞቃት አየር እየገባ ነው። ጎማውን በሞቀ ውሃና በሳሙና ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቡሌና ሌሎች ደጋ ቀበሌዎች ላላችሁ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከወረቀቱ ላይ «ኤን» የሚል የላቲን ፊደል ብቻውን ካያችሁ ፍሪጁ የተሠራው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ለሚሆን ክፍል ነው። ክፍሉ ከዚያ በታች ሲበርድ መቆጣጠሪያው «በቂ ቀዝቅዟል» ብሎ ኮምፕረሰሩን አያስነሳም፣ ከላይ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ደግሞ ይቀልጣል። ፍሪጁ ደህና ነው፣ ቦታው ነው ያልተስማማው። «ኤስ ኤን» የሚለው እስከ 10 ዲግሪ ይሠራል፤ ለደጋ ስትገዙ እሱን ጠይቁ።

ከዲላ ገዝታችሁ በባጃጅ አጋድማችሁ ካመጣችሁት ደግሞ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይፈስሳልና ለጥቂት ሰዓታት አቁማችሁት ቆዩ እንጂ ወዲያው አትሰኩት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለወተትና ለለስላሳ መጠጥ ብቻ ብዬ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ የፈንግል ክትባት ገዝታችሁ ቤት ታስቀምጣላችሁ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከ1964 ጀምሮ ክትባት የሚያመርት ተቋም ነው፤ ጠርሙሱ ከዚያ ወጥቶ እናንተ ጋ እስኪደርስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ እንዲቆይ ስንት ሰው ይደክምበታል። የሞቀ ክትባት መልኩ አይለወጥም፣ ዶሮዎቹ ሲያልቁ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ በበሩ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት፣ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መሃል መደርደሪያ ላይ፣ ከምግብ ተለይቶ፣ በክዳን ዕቃ ይሁን። አጠገቡ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቴርሞሜትር አቁሙና ጠዋትና ማታ አንብቡ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በላይ ከጠፋ ክትባቱን ከመስጠታችሁ በፊት ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ።