አኒ ኦክሌይ በእውነት ተሸንፋለች ወይ? የአንድ የፉክክር ዘፈን ታሪክ

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ አንድ ዘፈን ነው የማወራችሁ። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማይክል ጆርዳንና አሜሪካዊቷ እግር ኳስ ተጫዋች ሚያ ሃም የተፎካከሩበት የጌቶሬድ ማስታወቂያ ነበር። በቅርጫት ኳስ ይጋጠማሉ፣ በእግር ኳስ ይጋጠማሉ፣ ይሮጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ሚያ ያንን ረጅም ሰውዬ በጁዶ ታነጥፈዋለች። ከኋላ የሚሰማው ዘፈን ነው የዛሬው ርዕሴ፦ «ኤኒቲንግ ዩ ካን ዱ»። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሁሉም ነገር እበልጥሃለሁ፣ የለም እኔ እበልጥሻለሁ እየተባባሉ የሚዘፍኑት ነው። አዝማሪ ቤት ወንዱና ሴቷ ግጥም ሲወራወሩ ያየ ሰው የዘፈኑን መንፈስ ለመያዝ አይቸገርም።

ዘፈኑ የተሠራው «አኒ ጌት ዩር ገን» ለተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ተውኔቱ በግንቦት 1946 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ተከፍቶ 1,147 ጊዜ ታየ። ሙዚቃውን እንዲጽፍ የታሰበው ጀሮም ከርን ነበር፤ እሱ በኅዳር 1945 በድንገት ሲሞት ሥራው ለኧርቪንግ በርሊን ተሰጠ። ዳይሬክተሩ ጆሹዋ ሎጋን ስለዚህች ዘፈን የሚተርከው ነገር ደስ ይላል። በአንድ ስብሰባ ላይ ለሁለተኛው ክፍል አንድ ተጨማሪ የጋራ ዘፈን ያስፈልገናል ይላል። ግን በዚያ ሰዓት ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ተኳርፈዋል፣ የተኳረፉ ሰዎች ደግሞ የፍቅር ዘፈን አይዘፍኑም። እንግዲያው የፉክክር ዘፈን ይሁን ተባለ። በርሊን ስብሰባው እንዳለቀ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሎጋን ቤቱ ገና ከመግባቱ ስልክ ተደወለለት፣ በርሊን ታክሲ ውስጥ የጻፈውን በስልክ ዘፈነለት። ትንሽ ማጣፈጫ ገብቶበት ይሆናል፣ የቲያትር ሰዎች ወሬ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፣ የታሪክ መምህር ነኝና ዝም ብዬ አላልፈውም። አኒ ኦክሌይ የፈጠራ ሰው አይደለችም። በ1860 ኦሃዮ ውስጥ ከደሃ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ሞቱ። ጠመንጃ ያነሳችው ቤተሰቡን ለመመገብ ነው። ያደነችውን እየሸጠች የእናቷን ቤት ዕዳ ከፍላ ጨርሳለች። ከዚያ ፍራንክ በትለር የሚባል የታወቀ አልሞ ተኳሽ ወደ አካባቢው መጥቶ ከማንም ጋር እወዳደራለሁ ሲል እሷን አቀረቡለት። በሰፊው እንደሚተረከው 25 ለ24 አሸነፈችው።

ታዲያ ፍራንክ ምን አደረገ? አገባት። ትንሽ ቆይቶም ሕዝቡ የሚፈልገው እሷን መሆኑን ሲያይ መተኮሱን ትቶ ሥራ አስኪያጇ ሆነ፣ ዒላማ ያዥ ሆነ። በ1885 የቡፋሎ ቢልን ትርዒት ሲቀላቀሉ ዋናዋ ኮከብ እሷ ነበረች። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ልትዋጋ ስትል፣ 50 ሴት አልሞ ተኳሾችን ከነመሣሪያቸው አሰልፋለሁ ብላ ለፕሬዚዳንት ማኪንሊ ደብዳቤ የጻፈች ሴት ናት። ኅዳር 3 ቀን 1926 ሞተች። ፍራንክ ከ18 ቀን በኋላ ተከተላት።

ተውኔቱ ይህን ታሪክ ምን አደረገው መሰላችሁ? ገለበጠው። በ1946ቱ ድርሰት ፍራንክ በእሷ መበለጡ አልዋጥ ብሎት ጥሏት ይሄዳል። በመጨረሻው የተኩስ ውድድር ላይ፣ ማሳደጊያ አባት የሆነላት የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡል ብትሸነፊ ይሻልሻል ብሎ ይመክራታል። እሷም ሆን ብላ ትስታለች። ተሸነፈች፣ ባል አገኘች፣ መጋረጃ ተዘጋ። በእውነተኛው ሕይወት ባል ያገኘችው አሸንፋ ነው! ዘመኑን አስቡት። ጦርነቱ አልቋል፣ በየፋብሪካው የወንዶቹን ቦታ ይዘው የነበሩ ሚሊዮን የአሜሪካ ሴቶች ወደ ቤታችሁ እየተባሉ ነው። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያየው ይህንኑ ነው። የተውኔቱን ሐሳብ ያመነጨችውና ከወንድሟ ከኸርበርት ጋር ሆና የጻፈችው ደግሞ ሴት ናት፣ ዶሮቲ ፊልድስ። ክፋት ነው አልልም። በዚያ ዘመን ትኬት የሚያሸጥ መጨረሻ ይህ ነበር።

የፉክክሩ ዘፈን የሚመጣው ከዚያ የተኩስ ውድድር በፊት ነው። እኔን የሚገርመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። የተኩሱ ውድድር ትወና ነው፣ ጥይቱ የውሸት ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ደራሲው ወስኗል። የዘፈኑ ውድድር ግን ግማሹ እውነት ነው። ማን ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ይዘፍናል? ማን ከፍ ያደርጋል? ማን ሳይተነፍስ ይቆያል? ማን ይፈጥናል? ይህን ሁለቱ ዘፋኞች እዚያው ፊታችን ያደርጉታል። ረጅሙን ድምፅ ሴቷ ይዛ ስትቆይ ወንዱ መጨረሻ ላይ እጁን ይሰጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይስማማሉ፣ ፓይ መጋገር ሁለቱም አይችሉም። ስለዚህ ዘፈኑ በየዘመኑ የተለየ የሚሆነው ቃሉ ስለሚቀየር አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደቆመ ነው ነገሩ።

የመጀመሪያዎቹ ኤቴል መርመንና ሬይ ሚድልተን ናቸው። መርመን የኒውዮርክ ልጅ ናት፣ ከመድረክ በፊት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች፣ ድምፅ አያያዝ ማንም አላስተማራትም። ድምፅዋ እንደ መለከት ነው። ተዋንያን ማይክሮፎን ልብሳቸው ላይ የማይለጥፉበት ዘመን ስለነበር አዳራሹን በጉሮሮዋ ብቻ ትሞላው ነበር። እንግዲህ ቀስ ብሎ የመዝፈኑ ዙር ሲመጣ ቀልዱ የት እንዳለ አያችሁ? ያቺ የምትጮህ ሴትዮ ልታንሾካሹክ ነው! የ1946ቱ ቅጂ እስካሁን አለ፣ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ የተቀዳው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ አካባቢ ስለነበር ዘፈኑ ይቻኮላል፣ የሕዝቡ ሳቅም የለበትም። ምንጭ ስትመረምሩ ምንጩ የጎደለውንም ቁጠሩ እያልኩ ክፍል ውስጥ የምጨቀጭቃችሁ እንዲህ ላለው ነው። እንደዚያም ሆኖ ሚድልተን ሰፊና የተማረ ድምፅ ይዞ ቢመጣም መርመን ትውጠዋለች። ይህቺ ሴት በሚቀጥለው ትዕይንት ወዳ ተሸነፈች ብትሉኝ እኔ አላምንም። ተመልካቹም ያመነ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የ1950 ፊልም ነው፣ ከሁሉም በላይ የምወደው ማነጻጸሪያ የተገኘውም እዚያ ውስጥ ነው። ኤምጂኤም አኒን እንድትጫወት የመረጠው ጁዲ ጋርላንድን ነበር። ዘፈኖቹን ቀዳች፣ ቀረጻም ተጀመረ፤ ግን በጤናም በመንፈስም ደክማ ስለነበር በ1949 ከሥራው ተሰናበተች። ቤቲ ሃተን ተተካች። ወንዱ ግን አልተቀየረም፣ ሃዋርድ ኪል ነው። የጋርላንድ ቅጂዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ወጡ። እንግዲህ አስቡት፣ ያው ወንድ፣ ያው ስቱዲዮ፣ ያው ዘፈን፣ ሴቷ ብቻ የተለየች። ለታሪክ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገጥምም።

ሃተን ዘፈኑን በመላ አካሏ ነው የምትዘፍነው። ዓይኗ ይፈጣል፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ ፊቷ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ኪል ያን ግዙፍ ሰውነቱንና ለስላሳ ባሪቶኑን ይዞ እንደ ዋርካ ቆሟል። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ እሷ ትፍጨረጨራለች፣ እሱ አይነቃነቅም። ግን ልብ ብላችሁ ስታዩት፣ እንዲህ ስትሆን አኒ ልጅ ትሆናለች። እሱ ትልቅ ሰው፣ እሷ እልኸኛ ልጅ። እንዲህ ከታየች መሸነፏ ያን ያህል አይቆረቁርም። የጋርላንድ ቅጂ ሌላ ነው። ድምፅዋ ላይ ድካም ይሰማል፣ አልደብቃችሁም፣ ፍጥነቱም ላይ ሃተን ትበልጣታለች። ግን ስትከራከረው እንደ እኩያው ነው፤ የምትለውን ታምንበታለች። ሳቁ ይቀንሳል፣ ክርክሩ ግን እውነተኛ ይሆናል። በነገራችን ላይ ፊልሙ በመብት ጉዳይ ምክንያት ከ1973 እስከ 2000 ድረስ ከእይታ ተሰውሮ ነበር። አንድ ሙሉ ትውልድ አላየውም ማለት ነው።

ሜሪ ማርቲንና ጆን ሬይት በ1957 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተጫውተውታል። ማርቲን ቀደም ሲል ተውኔቱን ይዛ አሜሪካን የዞረች ናት። ከመርመን ይልቅ ድምፅዋ ለስለስ ይላል፣ ከፍታው ላይ ሳትታገል ትወጣለች። ፉክክሩ ጨዋታ ይመስላል፣ እየተፎካከሩ የሚሽኮረመሙ ሁለት ሰዎች። ደስ ይላል፣ ግን ፍሙ ጠፍቷል።

በ1966 መርመን ተመለሰች። 58 ዓመቷ ነበር። ከጎኗ የቆመው ብሩስ ያርኔል ገና 30 ዓመቱ፣ ያውም ቁመተ ሎጋ። የተሳለቁ አልጠፉም፣ አያትየዋ ጠመንጃ አነሳች ብለው። እኔ ግን ይህን ቅጂ ስሰማ ዘፈኑ የወንድና የሴት ፉክክር ብቻ መሆኑ ይቀርና የአሮጌ ባለሙያና የጀማሪ ይሆናል። ያርኔል ድምፅ አለው፣ በደንብ አለው። እሷ ደግሞ ይህን ዘፈን እሱ ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ዝም የምትልበትን ቦታ ሁሉ ለይታለች። በርሊንም በ78 ዓመቱ ለዚሁ ዝግጅት አዲስ የሁለት ሰው ዘፈን ጨመረ፣ «አን ኦልድ ፋሽንድ ዌዲንግ» ይባላል። እሱ ጸጥ ያለች ትንሽ ሠርግ ይመኛል፣ እሷ ድል ያለ ድግስ ትፈልጋለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም የየራሳቸውን በአንድ ጊዜ ይዘፍናሉ። ሕዝቡ ድገሙት እያለ ተውኔቱን ያስቆም ነበር። አሁንም እዚያው ነን፣ ማንም ማንን አላሸነፈም።

በ1999 በርናዴት ፒተርስና ቶም ዎፓት መጡ። ፒተር ስቶን ድርሰቱን አሻሻለው። በነባር አሜሪካውያን ላይ የሚቀልደው ዘፈን ወጣ፤ ይህ ተገቢ ነው እላለሁ፣ ሲቲንግ ቡልን የመሰለ ሰው ማላገጫ መሆን አልነበረበትም። ፒተርስ በዚህ ሥራ የቶኒ ሽልማት አግኝታለች። ዘፈኑን የምትይዘው በብልጠት ነው፣ ትንሽ የገጠር ልጅ ቅላጼ ጨምራ፣ ድምፅዋን ከመልቀቅ ይልቅ እየሸረበች። ዎፓት ደግሞ መሸነፍን የማይፈራ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ረጅሙን ድምፅ ስትይዝ የሚያይበት ዓይን የተናደደ ሰው አይደለም፣ የተደነቀ ነው። ለእውነተኛው ፍራንክ በትለር ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው ባይ ነኝ።

የመጨረሻውም ውድድር ተቀየረ። ሁለቱም ሆን ብለው ይስታሉ፣ እኩል ይወጣሉ። ብዙ ሰው ወደደው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የ1946ቱ ሴት ማሸነፏን ፈርቶ አሸነፋት፤ የ1999ኙ ማንንም ላለማስቀየም አቻ አደረጋቸው። ሁለቱም የየዘመናቸውን ጭንቀት ነው የጻፉት። ሴትዮዋ እኮ አሸንፋለች! ሰውየውም ተሸንፎ አልሞተም፤ ወደዳት፣ ዕድሜውን ሙሉ ጥይቷን አቀበላት። ከዚህ የሚያምር መጨረሻ ምን ሊጽፉ ነው?

ማነጻጸር የምትፈልጉ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ። መጀመሪያ የሃተንንና የኪልን ፊልም እዩ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጋርላንድን ከዚያው ከኪል ጋር ስሙ፣ መርመንን መጨረሻ ላይ አድርጓት፤ እሷን ካስቀደማችሁ ሌሎቹ አይሰሟችሁም። ፓይዋ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ሁለቱም መልስ አጥተው ለቅጽበት ዝም የሚሉባትን ቦታ ጠብቁ። ማን ቀድሞ እንደሚስቅ በኮመንት ንገሩኝ።